ገደል ላይ ማን ይቅደም?

(ኮርሲካ ደሴት፤ ከባሕሩ በላይ ከፍ ብሎ ዓለቱ ላይ በተጠረበ ቀጭን የእግር መንገድ ላይ፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባዩ ኅሩይና ልጃቸውን ሊጠይቁ ከወንጂ የመጡት አማቱ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ግድግዳው ላይ የተቸነከረውን ሰንሰለት ጨብጠው ቆመዋል።)

ኅሩይ፦ እርስዎ ይቅደሙ እማማ።

ደብሪቱ፦ ኧረ አንተ ቅደም።

ኅሩይ፦ እንዴት ተደርጎ! እርስዎ ቆመው እኔ ልለፍ?

ደብሪቱ፦ በሞቴ።

ኅሩይ፦ በእኔ ሞት! ታላቅ እያለ እንዴት…

ደብሪቱ፦ አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ የሠርግ ቤት በር አይደለም። ወደ ታች አይተኸዋል?

ኅሩይ፦ አላየሁም። የማየት ሐሳብም የለኝም።

ደብሪቱ፦ እኔ አይቼዋለሁ። መርከብ አለች፤ የሻይ ማንኪያ ታክላለች።

ኅሩይ፦ አይንገሩኝ እማማ!

ደብሪቱ፦ ሰው ሁሉ አልፎ ሄደ እኮ። ፈረንጆቹ አለፉ። ያቺ ጉልበቷን በፋሻ የጠመጠመች አሮጊት እንኳ እያፏጨች አለፈች። እኛ ነን «ይቅደሙ፣ ቅደም» ስንባባል የቀረነው።

ኅሩይ፦ እኛማ የቀረነው በሌላ ነው።

ደብሪቱ፦ በምን?

ኅሩይ፦ አስጎብኚዋ ገመዷን ይዛ «አንድ በአንድ አስሬ ላሻግራችሁ?» ስትል፣ «ኧረ አትድከሚ፣ ይቅርብን» ያለው ማን ነው?

ደብሪቱ፦ እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ልበላት? ገና አፏን ስትከፍት «እሺ» ብዬ ልጠምጠምባት? መጀመሪያ ትጠይቀኛለች፣ እግደረደራለሁ። ደግማ ትጠይቀኛለች፣ «ኧረ ምን በወጣሽ» እላለሁ። ሦስተኛ «በሞቴ» ስትል እታሰርላታለሁ። ወጉ እንዲህ አይደለም?

ኅሩይ፦ ፈረንጅ ደግሞ አይጠይቅም።

ደብሪቱ፦ ይኼን አሁን ነው የምትነግረኝ?

ኅሩይ፦ «አይ» ካሏቸው «አይ» ነው። ገመዳቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ።

ደብሪቱ፦ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? እሺ እኔስ አሮጊት ነኝ፣ ወግ ይዞኝ ነው። አንተ ለምን «እሺ» አላልክም?

ኅሩይ፦ እርስዎ እምቢ ብለው እኔ ጎረምሳው ልታሰር?

ደብሪቱ፦ እንዲያውም የሆነ ነገር ስትቀባጥርላት ነበር። ቋንቋውን ባልሰማም እጅህን ሽቅብ ስትቆልል አይቻለሁ።

ኅሩይ፦ «አገራችን ተራራ ነው፤ እኛ ትምህርት ቤት የሄድነው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው» አልኳት።

ደብሪቱ፦ የቱ ትምህርት ቤት? አንተ አራት ኪሎ በአውቶቡስ አይደል የተማርከው?

ኅሩይ፦ ለአገር ክብር ብዬ ነው።

ደብሪቱ፦ እኔ ወንጂ ተወልጄ ወንጂ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከሸንኮራ አገዳ በላይ ከፍ ያለ ነገር አላውቅም። በል አስጎብኚዋን ጥራት።

ኅሩይ፦ ሌቲሲያ! ሌ…ቲሲያ!

ደብሪቱ፦ ይኼ ድምፅ ነው? ትንሽ አስነጠስክ እንጂ ማንንም አልጠራህም።

ኅሩይ፦ ነፋሱ ይዞብኝ ይሄዳል። ደግሞ «እናንተ ቅደሙ፣ እኛ ባሕሩን እያየን ቀስ ብለን እንደርሳለን» ብያታለሁ። እየተዝናናን ነው የሚመስላት።

ደብሪቱ፦ ስልኩስ?

ኅሩይ፦ ኔትወርክ የለም።

ደብሪቱ፦ እዚያ ታች የሚነሳው ጭስ ምንድን ነው? ሰው እሳት አነደደ?

ኅሩይ፦ ጭጋግ ነው። ከባሕር ነው የሚነሳው።

ደብሪቱ፦ ወደዚህ ይመጣል?

ኅሩይ፦ አይመጣም።

ደብሪቱ፦ እየመጣ ነው እኮ።

ኅሩይ፦ እንግዲህ… መጣ።

ደብሪቱ፦ ኅሩይ፣ የመጣንበት መንገድ የለም።

ኅሩይ፦ አለ። አይታይም እንጂ አለ።

ደብሪቱ፦ ያ የታጠፍንበት ጥግ፣ ያቺ ቁጥቋጦ፣ ሁሉም ጠፋ። ዋጠው። አውራኝ እባክህ፤ ዝም ስትል ከእግሬ ሥር ያለው ባዶ ይሰማኛል።

ኅሩይ፦ ምን ላውራ?

ደብሪቱ፦ ሆቴል ውስጥ ለእንግዶች የምትለውን በል።

ኅሩይ፦ «እንኳን ወደ ውቢቱ ደሴታችን በደህና መጡ። ጠዋት በቀያዮቹ ዓለቶች መካከል በጀልባ ይንሸራሸራሉ። ከሰዓት በጥላማው የጥድ ደን ውስጥ በእግር ይጓዛሉ። ሲሞቅዎ ደግሞ እንደ ብርጭቆ በጠሩት የወንዝ ገንዳዎች ውስጥ ይዋኛሉ…»

ደብሪቱ፦ ገንዳ አለ? የሚዋኙበት? ታች፣ መሬት ላይ?

ኅሩይ፦ አለ። ቤዛም «እማዬን እዚያ ውሰዳት» ነበር ያለችኝ። እርስዎ «ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ፣ የመጣው ይሁን» ስላሉ ነው።

ደብሪቱ፦ «የመጣው ይሁን» አልኩ እንጂ ስቀሉኝ አልኩ?

ኅሩይ፦ «ለሩቅ እይታ ደግሞ ከፊት ለፊትዎ መካከሉ የተበሳውን ተራራ ያገኛሉ። የአገሬው ሰው እንደሚያወራው ሰይጣን እርሻ ሲያርስ ተናዶ ማረሻውን ቢወረውረው…»

ደብሪቱ፦ ዝም በል! እዚህ ቆመን ስሙን ትጠራለህ? በስመ አብ ወወልድ…

ኅሩይ፦ ኧረ እጅዎን አይልቀቁ! ሰንሰለቱን ይያዙ! በልብዎ ያማትቡ!

ደብሪቱ፦ አንተ ነህ ያስለቀቅኸኝ! ቆይ እስቲ፣ ወደዚህ ስንት ሰው ልከሃል?

ኅሩይ፦ ብዙ። በየቀኑ እልካለሁ።

ደብሪቱ፦ ይመለሳሉ?

ኅሩይ፦ ሻንጣቸው እኛ ጋ ነው፤ ይመለሳሉ።

ደብሪቱ፦ አንተስ? ከዚህ በፊት ወጥተህ ታውቃለህ?

ኅሩይ፦ …ፎቶውን አውቀዋለሁ።

ደብሪቱ፦ ምን አልክ?

ኅሩይ፦ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ፎቶው ላይ ሰፋ ብሎ ነው የሚታየው።

ደብሪቱ፦ እመብርሃን! የልጄ ባል ገደል በፎቶ አይቶ እኔን በእግሬ አመጣኝ! ምን አድርጌህ ነው ቆይ?

ኅሩይ፦ ቤዛ ናት። «ከእማዬ ጋር ራቅ ወዳለ ቦታ ሂዱና ትንሽ ተቀራረቡ» አለችኝ።

ደብሪቱ፦ ይኸው ተቀራረብን። ከዚህ የበለጠ ብንቀራረብ አንዳችን እንወድቃለን።

ኅሩይ፦ እማማ፣ በጣም አይንቀሳቀሱ።

ደብሪቱ፦ መቀነቴን ምን ታደርገዋለህ?

ኅሩይ፦ ደግፌዎት ነው።

ደብሪቱ፦ የተደገፍከውስ አንተ ነህ። ክብደትህ ሁሉ ወገቤ ላይ ነው። ዓይንህንም ጨፍነሃል።

ኅሩይ፦ አልጨፈንኩም።

ደብሪቱ፦ ስንት ጣት ነው ያወጣሁት?

ኅሩይ፦ እጅዎን ለቀቁት?!

ደብሪቱ፦ ጨፍነሃል። አየህ? ከፎቶው ላይ ጀምሮ ስትዋሽ ነው የመጣኸው። ደግሞም የምትለኝ ነገር ነበረህ። ከመኪናው ከወረድን አንስቶ ጉሮሮህን ትጠራርጋለህ።

ኅሩይ፦ አሁን ቦታው አይደለም።

ደብሪቱ፦ ታዲያ የት ነው? ታች ስንደርስ? በየትኛው መንገድ እንደምንደርስ አይታወቅም እኮ።

ኅሩይ፦ ቤዛን ይዘዋት ሊሄዱ ነው።

ደብሪቱ፦ እንዴ፣ ልትወልድ አይደል? የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። እኔም እሷን የወለድኩት እናቴ ጓዳ ነው። ደግሞም ጠይቄሃለሁ። «ልውሰዳት ወይ?» ስልህ «ደስ ይለናል እማማ፣ እንዳሉ» ያልከኝ አንተ ነህ።

ኅሩይ፦ ብያለሁ።

ደብሪቱ፦ ታዲያ?

ኅሩይ፦ ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር።

ደብሪቱ፦ ምን ብዬ ልጠይቅህ?

ኅሩይ፦ «እውነት ደስ ይልሃል?» ይሉኛል፣ ያኔ እኔ ትንሽ አቀረቅራለሁ፣ ያኔ እርስዎ ይገባዎታል… እርስዎ ግን በማግስቱ ትኬት ቆረጡ።

ደብሪቱ፦ እና አትሂድ ነው የምትለው?

ኅሩይ፦ እንደዚያ እንኳ አላልኩም፣ እንደፈቀዱ…

ደብሪቱ፦ ገደል ላይም ትግደረደራለህ?

ኅሩይ፦ አትሂድብኝ! ይኸው አልኩ! አትሂድብኝ! ሥራ ለቅቄ ልከተላት አልችልም። ልጄ ሲወለድ በስልክ ነው የማየው። ሲስቅ በስልክ። ጥርስ ሲያወጣ በስልክ። ከዚያ እዚያው ትለምዳለች። እዚያው ትቀራለች።

ደብሪቱ፦ እኔስ እዚህ ለማን ጥያት ልሂድ? ምጥ ሲመጣባት ማን ይይዛታል? ገደል በፎቶ የሚያውቅ ሰው? ለልጄ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሲጨንቃት የማይለቃት። እሱን እስካላየሁ ድረስ እወስዳታለሁ፤ አለቀ።

ኅሩይ፦ ቆይ። ዝም ይበሉ።

ደብሪቱ፦ ምን? ዝም በይ ነው የምትለኝ?

ኅሩይ፦ የሆነ ነገር ይንኳኳል።

ደብሪቱ፦ ከየት?

ኅሩይ፦ ከላይ። ከላይ ነው! ግድግዳው ላይ ተለጠፊ! ራስሽን! ራስሽን ዝቅ አድርጊ!

ደብሪቱ፦ ወይኔ ገብርኤል!

ኅሩይ፦ አትንቀሳቀሺ! አንድ ሌላ አለ! …አለፈ። አገኘዎት?

ደብሪቱ፦ አላገኘኝም። ጆሮዬ ሥር ነፋሱን ሰማሁት። አንተንስ?

ኅሩይ፦ ትከሻዬን ጫር አደረገኝ። ምንም አይደል።

ደብሪቱ፦ ለምን ጆሮህን አቀናህ?

ኅሩይ፦ ድንጋዩ ታች ሲደርስ መሰማት ነበረበት።

ደብሪቱ፦ እና?

ኅሩይ፦ አልተሰማም።

ደብሪቱ፦ ተው እንዲህ አትበለኝ… ማን ነው የወረወረብን? ያ ነው፣ ስሙን የጠራኸው ነው! እየው፣ ቀንዱን እየው! ጭጋጉ ውስጥ ቆሟል!

ኅሩይ፦ የዱር በግ ነው እማማ። ተራራው ላይ የሚኖር…

ደብሪቱ፦ ይኼማ ዋልያ ነው።

ኅሩይ፦ ዋልያ እዚህ የለም። «በዕድለኛ ቀን ጎብኚዎች ቀንዱ የተጠመዘዘውን የዱር በግ በቅርብ ርቀት…»

ደብሪቱ፦ ዕድለኛ ቀን? ይኼ?

ኅሩይ፦ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው።

ደብሪቱ፦ ያየናል እንዴ?

ኅሩይ፦ ያየናል።

ደብሪቱ፦ ደግሞ ሲራመድ ያው ነው ድንጋይ የሚያወርድብን። ጭጋጉም ፊታችንን ሊይዘው ነው፣ ጣቴም እየደነዘዘ ነው። እዚህ መቆም አይቻልም። ቀጥሎ ምን አለ?

ኅሩይ፦ ሌቲሲያ እንዳለችው መንገዱ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል። ከዚያ ወዲያ ሰፊ ነው። ሣር አለው። የእንግዶች ማረፊያ ጎጆውም እዚያ ነው።

ደብሪቱ፦ ስንጥቁ ምን ያህላል?

ኅሩይ፦ አንድ እርምጃ።

ደብሪቱ፦ የማን እርምጃ?

ኅሩይ፦ የእኔ። ያውም ስቸኩል።

ደብሪቱ፦ እኔ እኮ የቤዛን ጫማ ነው ያደረግሁት። ይሰፋኛል፤ ካልሲ ጠቅጥቄበት ነው።

ኅሩይ፦ መቀነትዎን ይፍቱልኝ። ወገብና ወገባችንን እናስረው።

ደብሪቱ፦ አይሆንም።

ኅሩይ፦ ጠንካራ ነው እኮ።

ደብሪቱ፦ ጠንካራ ስለሆነ ነው። አንዱ ሲሄድ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ልጄ በዚያ ሆዷ እናቷንም ባሏንም በአንድ ቀን ትቅበር? እጄን ብቻ ያዝ። ከሄድኩ ልቀቀኝ።

ኅሩይ፦ አልለቅም።

ደብሪቱ፦ ትለቃለህ! ልጅ ሊወለድልህ ነው!

ኅሩይ፦ እናቷን ለቅቄ ምን ብዬ ቤት ልግባ? «ሻይ አፍይ፣ እማማ ኋላ ይመጣሉ» ልበላት?

ደብሪቱ፦ አማትህ ነኝ፣ አዝዤሃለሁ።

ኅሩይ፦ ሽማግሌ ሰብስበው ይክሰሱኝ፤ አልለቅም። እኔ እቀድማለሁ፣ ከዚያ እስብዎታለሁ።

ደብሪቱ፦ እሺ ቅደም። ዓይንህን ግን ግለጥ።

ኅሩይ፦ ገልጫለሁ። …እየሄድኩ ነው። …እማማ?

ደብሪቱ፦ ወዬ?

ኅሩይ፦ ቆምኩ።

ደብሪቱ፦ ምን ማለት ነው ቆምኩ?

ኅሩይ፦ አንዱ እግሬ ወዲያ ነው፣ አንዱ ወዲህ ነው። መሃሉ ላይ እኔ ነኝ።

ደብሪቱ፦ የኋለኛውን አንሳው!

ኅሩይ፦ አልታዘዝ አለኝ። እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ።

ደብሪቱ፦ ወደ ታች እንዳታይ!

ኅሩይ፦ አየሁ።

ደብሪቱ፦ ምን አለ?

ኅሩይ፦ ምንም የለም። ነጭ ነው። ምንም የለም እማማ፣ ምንም…

ደብሪቱ፦ ኅሩይ! እኔን ስማኝ። ልጁን ማን ልትሉት ነው?

ኅሩይ፦ አሁን?!

ደብሪቱ፦ አሁን! ወንድ ከሆነ ማን?

ኅሩይ፦ ወንድ ከሆነ… በአባቴ።

ደብሪቱ፦ ሴት ከሆነችስ?

ኅሩይ፦ ቤዛ «ደብሪቱ» እንበላት ብላ ነበር።

ደብሪቱ፦ ልጄ! ብላ ነበር ማለት? አንተስ ምን አልክ?

ኅሩይ፦ እኔ… ትንሽ ከዘመኑ ጋር አይሄድም ብዬ…

ደብሪቱ፦ ምን?!

ኅሩይ፦ እዚህ አገር ለመጥራትም ይከብዳቸዋል ብዬ ነው እንጂ…

ደብሪቱ፦ አንተ የማትረባ! ስሜ ነው የሚከብድህ? ቆይ መጣሁልህ! እዚያው ጠብቀኝ!

ኅሩይ፦ አይምጡ! አይምጡ ይኸው! ተሻገርኩ! እማማ፣ ተሻገርኩ እኮ!

ደብሪቱ፦ እኔንም እንዲህ አናድደኝና ልሻገር። የት ነህ? አትታየኝም።

ኅሩይ፦ እዚህ ነኝ። እጄን ይፈልጉት። ትንሽ ከፍ… ይኸው።

ደብሪቱ፦ በረዶ ሆኗል።

ኅሩይ፦ ሰንሰለቱን በግራዎ። ፊትዎን ወደ ግድግዳው። አሁን እግርዎን ይዘርጉልኝ።

ደብሪቱ፦ ምን ላይ ነው የማሳርፈው? የሚረገጥ የለም!

ኅሩይ፦ አለ። ትንሽ ይጨምሩ። ትንሽ…

ደብሪቱ፦ ነካሁት። ነካሁት መሰለኝ። አሁን ሌላውን… ጫማው! ኅሩይ ጫማው ወለቀ!

ኅሩይ፦ ተዪው!

ደብሪቱ፦ እግሬ ሄደ! ሰንሰለቱ አመለጠኝ! ልቀቀኝ፣ ይዤህ ልሄድ ነው!

ኅሩይ፦ አልለቅም! በጉልበትሽ! ግድግዳውን በጉልበትሽ ግፊው!

ደብሪቱ፦ ልቀቅ ብዬሃለሁ! ስለ ቤዛ ልቀቅ!

ኅሩይ፦ አልለቅም አልኩሽ እኮ!

ደብሪቱ፦ ክንዴ ተነቀለ!

ኅሩይ፦ ይነቀል! ነይ! ነይ! ነ…ይ!

ደብሪቱ፦ …

ኅሩይ፦ እማዬ? አለሽ?

ደብሪቱ፦ አለሁ።

ኅሩይ፦ እርግጠኛ ነሽ?

ደብሪቱ፦ ከነሙሉ ክብደትህ ላዬ ላይ ተጋድመሃል። ተነስልኝና እርግጠኛ እሆናለሁ።

ኅሩይ፦ ይቅርታ። ይቅርታ እማማ። ምን ነካኝ… ሣሩን ይንኩት እስቲ። ሣር ነው።

ደብሪቱ፦ ነካሁት። እጄን ልቀቀኝ በቃ፣ ደርሰናል።

ኅሩይ፦ እየለቀቅሁ ነው። ጣቶቼ አልዘረጋ ብለውኝ ነው።

ደብሪቱ፦ ተወው፣ ቀስ ብለው ይዘርጉ። ታለቅሳለህ እንዴ?

ኅሩይ፦ ጭጋጉ ነው።

ደብሪቱ፦ እኔንም ይዞኛል።

ኅሩይ፦ እማማ፣ ያ ስለ ቤዛ ያልኩዎት…

ደብሪቱ፦ ገደል ላይ የተባለ ገደል ላይ ይቀራል። ትኬቷ ተቆርጧል። ያ መብራት የማን ነው?

ኅሩይ፦ የሌቲሲያ ነው! ሌቲሲያ! እዚህ ነን! …እየመጣች ነው።

ደብሪቱ፦ ምንድን ነው የምትለው?

ኅሩይ፦ «ባሕሩን አያችሁት? ደስ አላችሁ?» ትላለች።

ደብሪቱ፦ አንድ እግሬ ባዶ መሆኑን አታይም?

ኅሩይ፦ አሁን አየችው። ጎጆው ውስጥ ወፍራም ካልሲ አለ ትላለች። ሾርባም አለ። ጭጋጉ እስኪገፈፍ ዛሬ ሁላችንም እዚያው ነው የምናድረው።

ደብሪቱ፦ ይሁን። ነገስ ወደ መኪናው በየት በኩል ነው የምንወርደው?

ኅሩይ፦ ቆይ ልጠይቃት። …አሃ። …አሃ።

ደብሪቱ፦ ምን አለችህ? ፊትህ ለምን ነጣ?

ኅሩይ፦ በዚሁ ነው።

ደብሪቱ፦ በዚሁ በምኑ?

ኅሩይ፦ በዚሁ መንገድ። ሌላ መውረጃ የለም።

ደብሪቱ፦ በስንጥቁ?

ኅሩይ፦ በስንጥቁ። ገመድ ግን አለ፣ እሷ ትይዛለች…

ደብሪቱ፦ እሷን አላውቃትም። ስልክህ እዚህ ይሠራል?

ኅሩይ፦ አሁን ኔትወርክ ያዘ።

ደብሪቱ፦ ለቤዛ ደውልና እዚሁ ነው የምትወልጂው በላት፤ ነገ እዚያ ስንጥቅ ላይ እጄን የሚይዝልኝ ሰው፣ ዛሬ በእኔ ላይ ቂም ይዞ እንዲያድር አልፈልግም።